ለወላጅ ያልደረሰው ደብዳቤ፤ ወጣቶችን ከጽንፈኞች ምልመላ ስለ መጠበቅ

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 17 ቀን 2015 በምሥራቅ ለንደን በአንድ ትምህርት ቤት የሚማሩ ሦስት ልጃገረዶች ከጋትዊክ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥተው ወደ ኢስታንቡል በረሩ። ከዚያም ወደ ሶሪያ ተሻግረው ራሱን «እስላማዊ መንግሥት» ብሎ ከሚጠራው ቡድን ጋር ተቀላቀሉ። ሁለቱ የ15፣ አንዷ የ16 ዓመት ልጆች ነበሩ። በትምህርታቸውም የሚመሰገኑ ስለ ነበሩ፣ ጽንፈኝነት የሚማርከው ከትምህርት የደከመውን ብቻ ነው የሚለው ግምት በእነርሱ ላይ አይሠራም።

ለመምህራን ይበልጥ ትምህርት የሚሰጠው ግን ከጉዞው በፊት የሆነው ነው። አንዲት ጓደኛቸው በዲሴምበር 2014 ወደዚያው ሄዳ ስለ ነበር፣ ፖሊስ ልጃገረዶቹን ለመጠየቅ የወላጆችን ፈቃድ የሚሻ ደብዳቤ አዘጋጀ። ደብዳቤውን ግን ያስረከበው ለልጆቹ ለራሳቸው ነበር። እነርሱም ደበቁት፤ ወላጆች ያገኙት ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ነው። የለንደን ፖሊስ አዛዥም በማርች 2015 በፓርላማ ኮሚቴ ፊት ይቅርታ ጠየቁ። ደብዳቤን በተማሪ እጅ መላክ በየትምህርት ቤቱ የኖረ ልማድ ነው። ለስፖርት ቀን ጥሪ ይበቃ ይሆናል፤ አደጋው በተማሪው በራሱ ላይ ሲያንዣብብ ግን መልእክቱን ለአደጋው አሳልፎ እንደ መስጠት ይቆጠራል።

መልማዩ ብዙውን ጊዜ ስለ ጦርነት በመናገር አይጀምርም። የወጣቱን ብቸኝነትና የበደል ስሜት ያዳምጣል፤ ቀጥሎም ንግግሩን ሁሉ ከሚያየው ገጽ ወደ ግል መልእክት ያዛውራል። ከሦስቱ አንዷም ቀደም ሲል ከግላስጎው ወደ ሶሪያ ለሄደች ወጣት በትዊተር ጽፋ፣ በግል ለመነጋገር ጠይቃ ነበር። ወላጆችህ አይረዱህም የሚለው ስብከት የምልመላው ዋነኛ መሣሪያ በመሆኑ፣ ስልክ ነጥቆ መቆጣት ብቻውን የመልማዩን ቃል እውነት ያስመስለዋል።

በዴንማርክ ሁለተኛዋ ከተማ በኦርሁስ የተለየ አሠራር አለ። በዚያች አገር ትምህርት ቤት፣ የማኅበራዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤትና ፖሊስ ስለ ወጣቶች በጋራ መምከር የጀመሩት በ1970ዎቹ ሲሆን፣ ዓላማውም ወንጀልን መከላከል ነበር። ኦርሁስ ይህንኑ መዋቅር ለጽንፈኝነት ተጠቀመችበት። ለሚያሰጋ ወጣት አማካሪ ይመደብለታል፤ ወላጆችም በቡድን ሆነው ይመክራሉ። እምነቱን ወይም የፖለቲካ አሳቡን እንዲተው አይጠየቅም፤ ዓላማውን በሕጋዊ መንገድ እንዲከተል ይረዳል እንጂ። ከከተማዋ ወደ ሶሪያ የሄዱት እስከ 2013 ሠላሳ ያህል ሲሆኑ፣ በ2014 የታወቀው አንድ ብቻ መሆኑን የከተማዋ ፖሊስ ገልጿል። ቅነሳውን ሁሉ ለዚህ አሠራር ብቻ መስጠት ችኮላ ይሆናል፤ በእነዚያ ዓመታት የጦርነቱም መልክ ተለዋውጧልና።