ሊንኩ ከመከፈቱ በፊት

ለንደን በሚኖር ኢትዮጵያዊ ስልክ ላይ ሊንክ አይጠፋም። በዋትስአፕ የርካሽ ትኬት ማስታወቂያ፣ በቴሌግራም የዕርዳታ ማሰባሰቢያ፣ በአጭር መልእክት ደግሞ «ዕቃዎ ደርሷል፤ ቀሪውን ክፍያ ይፈጽሙ» የሚል ይመጣል። አንዳንዱ እውነት ነው። እውነቱን ከሐሰቱ ለመለየት ግን ከፍቶ ማየት አያስፈልግም።

በብሪታንያ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለ ኢንተርኔት ደህንነት ሕዝብ የሚያስተምረው ጌት ሴፍ ኦንላይን ለዚህ የሚሆን ነጻ መመርመሪያ አለው። የተጠራጠሩትን አድራሻ ሳይከፍቱ ገልብጠው እዚያ ያስገባሉ። መመርመሪያው አድራሻው መቼ እንደተመዘገበ፣ የማጭበርበር ጥቆማ ቀርቦበት እንደሆነ፣ ሌላም ብዙ መረጃ አመሳክሮ ምን ያህል እንደሚታመን ይነግራል። እኔ ከሁሉ በፊት የማየው የምዝገባውን ቀን ነው። «20 ዓመት አገልግለናል» የሚል ሱቅ አድራሻው የተመዘገበው ባለፈው ሳምንት ከሆነ ሌላ ማስረጃ አልፈልግም። ነገር ግን ዛሬ ጠዋት የተከፈተ የማጭበርበሪያ ገጽ ገና ማንም አልጠቆመበትም፤ ስለዚህ መመርመሪያው ችግር አላገኘም ማለት ገጹ ደህና ነው ማለት አይደለም።

አድራሻውን ራስን ችሎ ማንበብ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። «ኤችቲቲፒኤስ» የሚለውንና ተከታዮቹን ሁለት ስላሾች ይዝለሉ። ከዚያ እስከ ቀጣዩ ስላሽ ያለው የገጹ ስም ሲሆን፣ ባለቤቱ የሚታወቀው በስሙ መጨረሻ ነው። በ«ጎቭ.ዩኬ» የሚያልቅ አድራሻ የሚሰጠው ለብሪታንያ የመንግሥት ተቋማት ነው። «ጎቭ.ዩኬ.እከሌ.ኮም» ግን የእከሌ ነው፤ ከፊት ያለውን እከሌ እንዳሻው ጽፎታል። ከአድራሻው ጎን የሚታየው የቁልፍ ምልክትም አያታልልዎ። ቁልፉ የሚለው በእርስዎና በገጹ መካከል የሚተላለፈውን ሌላ ሰው አያነበውም ነው፤ የገጹ ባለቤት ሌባ ይሁን ሐቀኛ አይናገርም። ጎግል ሰዎች ምልክቱን በስህተት እንደሚረዱት ስላየ በ2023 እ.ኤ.አ. ከክሮም አድራሻ መጻፊያ ላይ አንስቶታል።

ጉዳዩ ከገንዘብም በላይ መሆኑን የኛ ሰዎች አይተውታል። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ በታኅሣሥ 2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ በአሜሪካ፣ በብሪታንያና በሌሎች አገሮች ለሚኖሩ የኢትዮጵያ መንግሥት ተቃዋሚዎች ይላክ የነበረውን ኢሜይል መርምሯል። ሊንኩ ኢስትአፍሮ የተባለውን የቪዲዮ ገጽ ወደሚመስል ገጽ ይወስድና «ፍላሽ ፕሌየርዎን ያድሱ» ይላል። ያደሰው ሰው ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ የሠራውን የስለላ ሶፍትዌር ኮምፒውተሩ ላይ ይጭናል። እውነተኛው አድራሻ በዶት ኮም ሲያልቅ ሐሰተኛው በዶት ኔት ያልቅ ነበር። አንድ ቃል እስከ መጨረሻው አለማንበብ የሰውን ደብዳቤ፣ ፎቶና ወዳጆች ሁሉ አሳልፎ ሰጠ።

ገንዘብ ወደ አገር ቤት የሚልክ ሰው አንድ ተጨማሪ ማጣሪያ አለው። ብሪታንያ ውስጥ የሐዋላ ሥራ የሚሠራ ድርጅት በፋይናንስ ተቆጣጣሪው በኤፍሲኤ መዝገብ ላይ መገኘት አለበት፤ መዝገቡን ማንም በነጻ ያያል። አጭበርባሪዎች የእውነተኛ ድርጅት ስምና የምዝገባ ቁጥር ሰርቀው ስለሚጠቀሙ ስሙን ማግኘት ብቻ አይበቃም። የሚደወለው ሊንኩ ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን መዝገቡ ላይ ባለው ነው።

አጠራጣሪ አጭር መልእክት በነጻ ወደ 7726 ይተላለፋል። ገንዘብ ከወጣ ደግሞ ወዲያው በ159 ደውሎ ከባንክ ጋር መገናኘት ይቻላል። ከጥቅምት 7 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሚሠራው ሕግ መሠረት፣ ተታሎ ከብሪታንያ ሂሳቡ ወደ ሌላ የብሪታንያ ሂሳብ በባንክ ዝውውር የከፈለ ሰው እስከ 85,000 ፓውንድ ሊመለስለት ይችላል። ሕጉ ወደ ውጭ አገር የተላከን አይሸፍንም፤ ወደ አዲስ አበባ የተላከውንም ጭምር።