እንሶስላን በምን እናውቀዋለን?

የዛሬው ንግግራችን ስለ አንድ የአገራችን የዱር አበባ ነው። ይህን ጽሑፍ በእጃችሁ የያዛችሁ ስሙን ከእኛ ጋር አንብቡ። እ - ን - ሶ - ስ - ላ። እንሶስላ። አምስት ፊደል ነው።

ሸዋ ሮቢት ላይ ሠርግ ደርሷል እንበል። ሙሽራዋ እጇንና እግሯን ልትሞቅ ነው። ቀለሙን ልትገዙ ገበያ ወጣችሁ። አንዱ ሻጭ ሥር ያሳያችኋል። ሌላው የቅጠል ዱቄት ያሳያችኋል። ሦስተኛው ደግሞ በትንሽ ወረቀት የታሸገ ጥቁር ዱቄት ያወጣል። ሦስቱም «ያው ነው፣ ውሰዱ» ይሏችኋል። ያው አይደለም! ሦስተኛው ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል። እንግዲህ አንድ በአንድ እንያቸው።

እንሶስላ ጥላና እርጥበት ይወዳል። የይፋት ቆላ ለእሱ ይሞቀዋል። ከሸዋ ሮቢት ተነስታችሁ ወደ ደብረ ሲና ዳገቱን ስትወጡ አየሩ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። እንሶስላ እንዲህ ያለውን አየር ነው የሚፈልገው። በወይና ደጋና በደጋ፣ በጅረት ዳር፣ ከትልልቅ ዛፍ ሥር ይበቅላል። ቆላ ገበያ ላይ ሥሩን ካገኛችሁ ከደጋ የወረደ ነው።

ግንዱ ለስላሳ ነው፤ ሲሰበር ውሃ ይወጣዋል። ቁመቱ ከሰው ሊበልጥ ይችላል፤ እስከ 2 ሜትር ይደርሳል። ቅጠሉ ሰፊ ነው፤ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ አለው። አበባው ነጭ ነው። መሐሉን፣ ወደ ጉሮሮው ስታዩት፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ መልክ አለው። ዋናው ምልክት ግን ከኋላው ነው። ከአበባው ጀርባ ቀጭን ረጅም ጅራት ይወጣል፤ ከጣት ይረዝማል። ማሩ ያለው እዚያ ጅራት ውስጥ ነው። ንብ አትደርስበትም። ረጅም ምላስ ያለው የእሳት ራት ግን በሌሊት መጥቶ ይጠጣዋል። አበባው ሲመሽ ይበልጥ የሚሸተውም እሱን ለመጥራት ነው። ፍሬው ሲበስል ደግሞ በጣት ሲነኩት ጧ ብሎ ይፈነዳና ዘሩን ይበትናል። ልጆች ይህን ጨዋታ መቼም አይጠግቡትም።

በዚያው ቦታ ቀይ አበባ ያለው ዘመድ አለው። እሱ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በዱር አይገኝም። አበባው ነጭ ካልሆነ ይህን ዘመዱን አግኝታችሁ ይሆናል።

ቀለሙ ያለው በሥሩ ነው። ሥሩ እንደ ድንች ያበጠ ነው። ተቆፍሮ ይታጠባል፤ በድንጋይ ይወቀጣል። ከዚያ መዳፍ፣ ጥፍርና የእግር ውስጥ ላይ ተደርጎ በቅጠል ወይም በጨርቅ ይታሰራል፤ እንደታሰረም ያድራል። እናቶቻችን ይህን «እንሶስላ መሞቅ» ይሉታል። ጠዋት ሲፈታ ቆዳው ቀልቷል፤ ሲደጋገም ይጠቁራል። አሺል ሪሻር የተባለ ፈረንሳዊ የዕፅዋት ሊቅ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1847 ስለ ተክሉ ሲጽፍ፣ «ቲንክቶሪያ» የሚል የላቲን ስም ሰጠው። ትርጉሙ «ማቅለሚያ» ማለት ነው። ሥራውን አይቶ ስም አወጣለት ማለት ነው። ሥሩን የምትቆፍሩ ከሆነ ግን ሁሉንም አትንቀሉ። ከሥሩ ከፊሉ መሬት ውስጥ ከቀረ ለከርሞ ያቆጠቁጣል።

ሁለተኛው ሂና ነው። ሂና የሞቃት አገር ቁጥቋጦ ነው። ቅጠሉ ትንንሽ ነው፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል። ቀለሙ የሚገኘው ከቅጠሉ ነው፤ ሥሩን ማንም አይፈልገውም። የሂና ዱቄት ሲታይ አረንጓዴ ነው፤ በውሃ ተለውሶ ቆዳ ላይ ሰዓታት ሲቆይ ብርቱካንማ ወይም ቡናማ ቀይ ያደርጋል።

ሦስተኛውስ? ይህ ለፀጉር የተሠራ የፋብሪካ ቀለም ነው። ቶሎ እንዲያጠቁር አንዳንዶች ከሂና ጋር ይቀላቅሉታል፤ «ጥቁር ሂና» ብለውም ይሸጡታል። በውስጡ በአጭሩ ፒ.ፒ.ዲ. የሚባል ኬሚካል ይገኛል። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ኬሚካል ለፀጉር በልክ ፈቅዶ፣ ቆዳ ላይ እንዳይቀባ ከልክሏል። በአንዳንድ ሰው ላይ ውሃ ይቋጥራል፣ ያቆስላል፣ ጠባሳ ይተዋል። ሰውነት አንዴ ከተቆጣበት ደግሞ ከዓመታት በኋላም ይቆጣል። ያች ሙሽራ አርጅታ ሽበቷን ልትቀባ ስትል ፊቷ ሊያብጥ ይችላል።

ስለዚህ ሻጩ «በግማሽ ሰዓት ጥቁር ያደርጋል» ካላችሁ ጠርጥሩ። እንሶስላም ሂናም እንዲህ አይቸኩሉም። የታሸገ ከሆነ እናንተው አንብቡት። «ለፀጉር» የሚል ቃል ካገኛችሁ እጅና እግር ላይ አታድርጉት። ጽሑፉ በባዕድ ቋንቋ ከሆነ ማንበብ ለሚችል ሰው አሳዩ። ምንም ጽሑፍ ከሌለው ተዉት። ተቀብቶ ማሳከክ ወይም ማቃጠል ከጀመረ እስኪነጋ አትጠብቁ። ወዲያው በብዙ ውሃ እጠቡት፤ ውሃ የቋጠረውን ሳታፈርጡ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የዱቄቱንም ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ።