የአይሁዳውያን የበጋ ካምፕ

የአይሁዳውያን የበጋ ካምፕ በተለይ በዩናይትድ ስቴትስና በካናዳ የተስፋፋ፣ አይሁዳውያን ልጆች ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ወቅት አብረው የሚኖሩበት፣ የሚጫወቱበትና የሕዝባቸውን ሃይማኖትና ባህል የሚማሩበት ሰፈር ነው። ወቅቱ በሰሜን አሜሪካ በጋ ቢባልም ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ጊዜ ስለሆነ ከኢትዮጵያ ክረምት ጋር ይገጥማል። ካምፖቹ በሁለት ይከፈላሉ፤ እነርሱም ልጁ ጠዋት ሄዶ ማታ ወደ ቤቱ የሚመለስበት የቀን ካምፕ እና እዚያው የሚያድርበት የአዳር ካምፕ ናቸው። የአዳር ካምፖች ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 16 ዓመት የሆኑ ልጆችን የሚቀበሉ ሲሆን ቆይታው ከአንድ ሳምንት እስከ ሁለት ወር ገደማ ይደርሳል።

ታሪክ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከምሥራቅ አውሮፓ ተሰደው ኒው ዮርክ የገቡ ብዙ አይሁዳውያን በተጨናነቁ ቤቶች ይኖሩ ነበር። በጎ አድራጊ ማኅበራት የድሆችን ልጆች በሙቀቱ ወራት ከከተማ አውጥተው ንጹሕ አየርና ጥሩ ምግብ እንዲያገኙ ማድረግ ጀመሩ። ከቀደምቶቹ አንዱ በ1902 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ግዛት የተመሠረተው ሰርፕራይዝ ሌክ ካምፕ ነው። የእነዚህ ካምፖች ዋና ዓላማ የልጆቹን ጤና መጠበቅና ከአሜሪካ ኑሮ ጋር ማላመድ ነበር።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መምህራን ካምፑን እንደ ትምህርት ቤት ይመለከቱት ጀመር። በ1919 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ሴጅዊን ካምፕ የአይሁድን ትምህርት ከጨዋታ ጋር ያጣመረ ነበር። ሌሎች ካምፖች የዪዲሽ ቋንቋን ለማቆየት ተመሠረቱ፤ በ1941 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ካምፕ ማሳድ ደግሞ ልጆቹ በዕብራይስጥ እንዲነጋገሩ ያደርግ ነበር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናዚዎች የአውሮፓን አይሁዳውያን ከጨፈጨፉ በኋላ፣ የሃይማኖቱ ታላላቅ የትምህርት ማዕከሎች ስለጠፉ፣ የአሜሪካ አይሁዳውያን መሪዎች መጪውን ትውልድ የማስተማር ኃላፊነት በእነርሱ ላይ እንደወደቀ ተሰማቸው። የኮንሰርቫቲቭ ንቅናቄ የመጀመሪያውን ራማ ካምፕ በ1947 እ.ኤ.አ.፣ የሪፎርም ንቅናቄም የራሱን ካምፕ በ1952 እ.ኤ.አ. በዊስኮንሲን ግዛት ከፈቱ።

የካምፕ ኑሮ

ልጆቹ በዕድሜ ተከፋፍለው በእንጨት ቤቶች ያድራሉ፤ የሚንከባከቧቸውም በዕብራይስጥ ማድሪኽ የሚባሉ ወጣት መሪዎች ናቸው። ዋና፣ ጀልባ ቀዘፋ፣ ስፖርት፣ የእጅ ሥራና መዝሙር የዕለቱን አብዛኛውን ክፍል ይይዛሉ። በብዙ ካምፖች የመመገቢያ አዳራሹና የዕለቱ መርሐ ግብሮች የሚጠሩት በዕብራይስጥ ስለሆነ ልጁ ቃላቱን ሳያጠና ይለምዳቸዋል።

የሳምንቱ ታላቅ ቀን ሰንበት ነው። ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ይጀምርና ቅዳሜ ማታ ሲመሽ ያበቃል። በብዙ ካምፖች ልጆቹ ታጥበው ነጭ ልብስ ይለብሳሉ፣ በአንድነት ይጸልያሉ፣ ማዕድ ይቆርሳሉ፣ ይዘምራሉ። የሁለቱ ቤተ መቅደሶች መፍረስ የሚታሰብበት የትሻ ብአቭ ጾምም የሚውለው በዚሁ ወቅት ነው። ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ብዙ ልጆች ይህን ጾም በደንብ የሚያውቁት በካምፕ ነው። ቤተ እስራኤል በኢትዮጵያ ሳሉ ተመሳሳይ መታሰቢያ ያለውን ጾመ አብ ይጾሙ ነበር።

የአይሁድ ኤጀንሲ በየዓመቱ ብዙ እስራኤላውያን ወጣቶችን በመሪነት ወደ ካምፖቹ ይልካል። ከእነርሱም መካከል ወላጆቻቸው ከኢትዮጵያ የሄዱ ወጣቶች ይገኛሉ።

የካምፖች ልዩነት

ካምፖቹ በሃይማኖት አያያዝ በጣም ይለያያሉ። በብዙ የኦርቶዶክስ አይሁዳውያን ካምፖች ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ ናቸው፤ በሰንበትም ስፖርትና ሥራ በሕጉ መሠረት ይገደባል። በሪፎርም ካምፖች ወንዶችና ሴቶች አብረው ናቸው፤ የሥርዓት አጠባበቁም ቀለል ይላል። ሃቦኒም ድሮርን የመሰሉ የወጣት ንቅናቄዎች የጋራ ኑሮንና ከእስራኤል ጋር ያለውን ትስስር ያስቀድማሉ። ለአካል ጉዳተኞችና የተለየ እርዳታ ለሚሹ ልጆች የተዘጋጁም አሉ፤ ለምሳሌ በራማ ካምፖች የሚገኘው ትክቫ የተባለው መርሐ ግብር የተጀመረው በ1970 እ.ኤ.አ. ነው።

ወላጆች ከምዝገባ በፊት የሚያጣሯቸው ጉዳዮች

ሃይማኖትና ምግብ። ወላጆች ጸሎቱ በቀን ስንት ጊዜ እንደሆነና ሰንበት እንዴት እንደሚከበር አስቀድመው ይጠይቃሉ። ብዙ ካምፖች ሥጋና ወተትን ለይቶ የሚያቀርበውን የኮሸር ሕግ ስለሚጠብቁ ከቤት የሚላክ ምግብ ላይፈቀድ ይችላል።

ደኅንነትና ጤና። የካምፕ ሕግ ከግዛት ግዛት ይለያያል። የአሜሪካ የካምፕ ማኅበር የሚሰጠው ዕውቅና ካምፑ በፈቃዱ የሚያገኘው ስለሆነ፣ ወላጆች ካምፑ ዕውቅናው እንዳለው ይጠይቃሉ። የሠራተኞች የቀድሞ ታሪክ እንዴት እንደሚጣራ፣ አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን እንዳይሆን የሚከለክል ደንብ መኖሩን፣ በሐይቁ ዳር ማን እንደሚጠብቅና ልጁ ቅሬታ ቢኖረው ለማን እንደሚናገርም ማወቅ ይገባል። አለርጂና የሚወሰድ መድኃኒት በጽሑፍ ይገለጻል፤ መድኃኒቱን የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ የካምፑ ክሊኒክ ነው።

ወጪ። የአዳር ካምፕ ውድ ነው፤ በብዙዎቹ ክፍያው በሳምንት ከ1,000 ዶላር ያልፋል። በአንጻሩ ካምፖች፣ ምኩራቦችና የአካባቢ ማኅበራት የገንዘብ ድጋፍ ይሰጣሉ። ዋን ሃፒ ካምፐር የተባለው መርሐ ግብርም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄዱ ልጆች እርዳታ ያደርጋል።

ናፍቆት። ብዙ ካምፖች ስልክ ስለሚከለክሉ ወላጅና ልጅ የሚገናኙት በደብዳቤ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጁ ቤቱን ቢናፍቅ የተለመደ ነው። ቀደም ብሎ በዘመድ ቤት ጥቂት ሌሊት ማደር ያለማምደዋል። «ካልወደድከው መጥቼ እወስድሃለሁ» የሚል ቃል መግባት ግን አይመከርም፤ ልጁ ችግሩን ከመላመድ ይልቅ የመመለሻውን ቀን እንዲጠብቅ ያደርገዋልና። ናፍቆቱ ምግብና እንቅልፍ የሚከለክለው ከሆነ ግን ካምፑ ለወላጆች ማሳወቅ ይኖርበታል።

ከካምፕ መልስ

ልጁ በካምፕ የሚማረው በየዕለቱ በመኖር ስለሆነ ለውጡ ከእርሱ ጋር ወደ ቤት ይመጣል። ሰንበት በማይከበርበት ቤት ያደገ ልጅ ዓርብ ማታ ሻማ እንዲበራ ሊጠይቅ ይችላል፤ ሥርዓቱን ከሚያጠብቅ ቤት የሄደውም ሌላ ዓይነት አይሁዳዊነት አይቶ ጥያቄ ይዞ ሊመለስ ይችላል። በዚህ ምክንያት ወላጆች ካምፕ ሲመርጡ ከሐይቁና ከስፖርት ሜዳው ባሻገር ልጃቸው በየትኛው የአኗኗር ሥርዓት ውስጥ እንዲቆይ እንደሚፈልጉም ይወስናሉ።