በአነስተኛ ገንዘብ የፒክአፕን እግር ማሻሻል

ፒክአፕ ያለው ሰው ትንሽ ገንዘብ ሲተርፈው መጀመሪያ የሚያምረው መኪናውን ከፍ ማድረግና ሰፋፊ ጎማ መግጠም ነው። ከፍ ያለ ሃይሉክስ ግርማ አለው፤ ይህን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ ኮሮኮንች ላይ የሚያንገጫግጭ፣ መታጠፊያ ላይ የሚዋልልና ጎማ የሚበላ መኪና አብዛኛውን ጊዜ በሽታው ማጠሩ አይደለም፤ ያለቀ ዕቃ ይዞ ነው። እጅ ሲያጥር ገንዘቡ በቅድሚያ ያለቀውን መተካት አለበት። ቀጥሎ ጎማ ይመጣል። ከፍታ የመጨረሻው ነው።

በአገራችን በብዛት የሚታየውን ቶዮታ ሃይሉክስ እንውሰድ። የኋላ እግሩ ዛሬም ባሌስትራ ነው። የፊቱ እንደ ዘመኑ ይለያያል፤ እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ የወጡት ሞላ ሲኖራቸው፣ ከዚያ በፊት ከነበሩት ባለ ፎር ዊሎች ብዙዎቹ ቶርሽን ባር ወይም ባሌስትራ ነበራቸው። ክብደቱን የሚሸከሙት እነዚህ ናቸው። አሞርዛተር የተሰጠው ሥራ ሌላ ነው፤ የተጨመቀው ሞላ ወይም ባሌስትራ ደጋግሞ እንዳይነጥር ይይዘዋል። ስለዚህ ጭነት ሲሸከም ኋላው የሚሰምጥበት ሰው አሞርዛተር ቢቀይር መስመጡ እንዳለ ይቀጥላል።

መኪናው ሥር ገብቶ ማየት ምንም አያስከፍልም። ዘይት ያንጠባጠበ አሞርዛተር ጊዜው አልፏል። የጎማውን ፊት በእጅ ሲዳስሱት እዚህም እዚያም ጎድጎድ ካለ፣ ጎማው መሬቱን በእኩል አልያዘም ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ተጠያቂው ያው አሞርዛተር ነው። ቀጥሎ ጎሚኒዎቹን ይመልከቱ። በባሌስትራው ጫፎችና በፊት እግሩ መጋጠሚያዎች ላይ ያሉት እነዚህ የላስቲክ ቁርጥራጮች ሲሰነጠቁ መኪናው ይንኳኳል፣ መሪውም ይሳሳል። ሶማሌ ተራ ከሚሸጡት መለዋወጫዎች መካከል በዋጋ ከትንሾቹ ናቸው፤ ለውጣቸው ግን ወዲያው ይሰማል። ብዙ ባለመኪና ይህን ትቶ ውድ አሞርዛተር ሲገዛ ማየት ይገርማል። አሞርዛተር መግዛት ግድ ከሆነም ቢያንስ የፊቱን ሁለት ወይም የኋላውን ሁለት በአንድ ጊዜ መቀየር ይገባል። አንዱ አዲስ ሌላው ያለቀ ሲሆን መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ሊያዘነብል ይችላል።

የረገበ ባሌስትራን በተመለከተ ሦስት መንገድ አለ። መቀጥቀጥ ርካሹ ነው፤ ብረቱ እንደገና በሙቀት ካልታከመ ግን ተመልሶ ይረግባል። አንድ ተጨማሪ ብረት መደረብ ሁለተኛው ነው። ዘወትር ጭነት ለሚይዝ መኪና ጥሩ መፍትሔ ሲሆን፣ ባዶውን ለሚነዳ ግን ወገብ የሚያስቆጥር ነው። ሦስተኛው አዲስ ሙሉ ባሌስትራ መግዛት ነው፤ ገንዘቡ ካለ የሚመረጠውም ይኸው ነው። የትኛውም ቢመረጥ መኪናው የተፈቀደለት የጭነት መጠን አይጨምርም። ፍሬኑ፣ አክስሉና ሻሲው ያው የቀድሞዎቹ ናቸው። ኋላው ስላልሰመጠ ብቻ ተጨማሪ ኩንታል የሚጭን ሰው መኪናው የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያ ነው ያጠፋው።

ጋራዥ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚረሳ አንድ ነገርም አለ። በብዙ የሃይሉክስ ሞዴሎች ላይ ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ ይገኛል። ኋላው ዝቅ ሲል ጭነት አለ ብሎ ለኋላ ጎማዎች ብዙ የፍሬን ኃይል ይሰጣል፤ ከፍ ሲል ባዶ ነው ብሎ ይቀንሳል። ባሌስትራው ከፍ ተደርጎ ዘንጉ ካልተስተካከለ መኪናው ሙሉ ጭነት ይዞም እንደ ባዶ ይቆጠራል፤ የኋላው ፍሬን በሚፈለግበት ሰዓት ይሰንፋል።

አሁን ወደ ጎማ። ጎን ላይ 265/65R17 የሚል ተጽፎ ከሆነ፣ 265 በሚሊ ሜትር ስፋቱ፣ 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ 17 ደግሞ ቸርኬው በኢንች ነው። ሲሰላ የጎማው ጠቅላላ ቁመት 776 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። በእሱ ፋንታ 265/70R17 ቢገጠም 803 ይሆናል። አክስሉ የዚያን ግማሽ፣ ማለትም 13 ሚሊ ሜትር ያህል ከመሬት ይርቃል፤ ቆጣሪው 100 ሲል ደግሞ እውነተኛው ፍጥነት ወደ 103 ይጠጋል። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የኋላውን ዲፈረንሻል ከድንጋይ የሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው። ባሌስትራ ከፍ ሲደረግ ሻሲው ይነሳል እንጂ ዲፈረንሻሉ ባለበት ይቀራል።

ከመጠኑ አጠገብ ያለችው ቁጥር የመሸከም አቅም ናት፤ 112 ማለት አንድ ጎማ እስከ 1,120 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። መኪናው ከፋብሪካ ይዞት ከመጣው ያነሰ ቁጥር ያለውን በርካሽ ስለተገኘ ብቻ መግዛት አይገባም። ያገለገለ ጎማ ሲገዛ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አሃዞች ይነበቡ፦ 2319 ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ቢያምርም ከ10 ዓመት ያለፈው ጎማ ለበረባሶ እንጂ ለመንገድ አይሆንም። በጥርሶቹ መካከል ያሉት ትናንሽ ጉብታዎች ከፊቱ ጋር ከተስተካከሉ ደግሞ የቀረው 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ አልቋል።

አስፋልትና ፒስታ ለሚያፈራርቅ ሰው ኤቲ የሚባለው ጎማ ይበቃል። ትልልቅ ጥርስ ያለው ኤምቲ በመረሬ ጭቃ ውስጥ ይረዳል፤ አስፋልት ላይ ግን ይጮኻል፣ ነዳጅ ይጨምራል፣ በዝናብም ፍሬን ያዳክማል። በክረምት አልፎ አልፎ ጭቃ ለሚገጥመው ሰው ሰንሰለትና አካፋ መያዝ ይረክሳል። ባለ ፎር ዊል መኪና ላይ የፊትና የኋላ ጎማ ቁመታቸው መለያየት የለበትም፤ ፎር ዊሉ ሲገባ ማርሹን ያስጨንቃል።

በነጻ የሚገኘው ማሻሻያ ንፋስ ነው። ባዶ መኪና ረጅም ፒስታ ላይ ከ35 ወደ 27 ፒኤስአይ ገደማ ቢወርድ መንገጫገጩ በግልጽ ይቀንሳል። ፍጥነት መቀነስና አስፋልት ሲደረስ መልሶ መሙላት ግን ግዴታ ነው፤ ንፋሱ ያነሰ ጎማ በፍጥነት ሲሮጥ ይግላል፣ ይፈነዳልም። ጭነት ካለ ጨርሶ አይቀነስም። ልኬቱ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ይደረግ።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ ገንዘብ ከተረፈ መኪናውን 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ማንሳት ይቻላል። ከዚያ ካለፈ የፊት አክስሉ መጋጠሚያዎች ከልክ በላይ ይታጠፋሉ፤ ግሪስ የያዘው ላስቲክ ይቀደዳል፣ የፍሬን ቱቦም ይወጠራል። ቶርሽን ባር ያለውን የድሮ ሞዴል ቡሎኑን በማጥበቅ ብቻ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን እግሩ ወደ ታች የሚዘረጋበት ቦታ ስለሚያጣ ጉድጓድ ሲገባ ይመታል። ከሥራው በኋላ አላይመንት መሠራት አለበት፤ አለዚያ አዲሶቹ ጎማዎች በወራት ውስጥ በአንድ ወገን ይበላሉ። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ጎባጣ ቡሎኖች አንዴ ከተፈቱ በአዲስ ቢተኩ ይመረጣል፤ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላም እንደገና ይጥበቁ።