የጨጓራ መድኃኒት

የፋርማሲው ልጅ ክኒኑን ከሶፍቱ ላይ አንሥቶ አገላብጦ አየው። ከዚያ መልሶ በሶፍቱ ጠቀለለውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህቴ፣ ይሄን እኛ ጋ አታገኚውም። ከሚከታተልበት ጤና ጣቢያ ነው የሚወሰደው» አላት። አልገባትም። «የጨጓራ አይደል እንዴ?» አለችው። ልጁ መልስ አልሰጣትም። ከኋላዋ ሰው ቆሞ ስለነበር ክኒኑን እጇ ላይ አስቀምጦላት ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ።

ባሏ የአጎቱ ቀብር ላይ ለመድረስ በሌሊት ተነሥቶ ወደ ገጠር ሲሄድ መድኃኒቱን ረስቶት ነው። በአውቶቡስ ሹፌር ልትልክለት ብልቃጡን ስትከፍተው የቀረው አምስት ፍሬ ብቻ ነበር። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ጨጓራው ቢነሣበትስ ብላ፣ ጨምራ ለመግዛት አንዷን ለናሙና ይዛ ወጣች። ይህን ስታወራኝ ደጋግማ የምትመለሰው እዚያች ላይ ነበር። «ጉድ ልፈልግበት አልወጣሁም እኮ ሲስተር። እንዳያመው ብዬ ነው የወጣሁት።»

እኔ በኤች አይ ቪ ሕክምና ክፍል አማካሪ ነርስ ነኝ። ሥራውን የጀመርኩት በ1998 ዓ.ም.፣ መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት በጀመረ በዓመቱ ነው። ባልየው ሕክምናውን ከሌላ ከተማ አዛውሮ ወደ እኔ ከመጣ ሰባት ዓመት አልፎታል። እነዚህን ሁለት ሰዎች ማንም እንዳይለያቸው መለወጥ ያለበትን ለውጫለሁ፤ ሁለቱም እንዲያነቡት አስቀድሜ ሰጥቻቸዋለሁ።

የእኛ ክፍል የቆሻሻ ቅርጫት ቀኑን ሙሉ የሚሞላው በተላጠ ወረቀት ነው። ሰው መድኃኒቱን ተቀብሎ ከግቢው ሳይወጣ የብልቃጡን ጽሑፍ በጥፍሩ ይልጣል። አንዳንዱ ክኒኑን የቫይታሚን ዕቃ ውስጥ ይገለብጠዋል። ቦርሳ ውስጥ እንዳይንኳኳ ደግሞ ጥጥ ይጠቀጥቁበታል፤ ጥጡን የምሰጣቸው እኔ ነኝ። አብዛኞቹ የሚደብቁት ከአከራይ፣ ከጎረቤት፣ ከሥራ ባልደረባ ነው፤ በዚህ ማንንም አልወቅስም፤ ምን ሸሽተው እንደሆነ አውቃለሁና። ከትዳር አጋር መደበቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ጥጡን ስሰጥ ከማን ለመደበቅ እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ሰውየው ክፉ አይደለም። በ2003 ሲመረመር እጮኛ ነበረችው፤ ውጤቱን በዚያው ሳምንት ነገራት። እሷ ለእናቷ ነገረች፣ እናቷ ለአንዲት የእድር ወዳጃቸው፣ ወር ሳይሞላ ሰፈሩ በሙሉ አወቀ። ቤት ለቀቀ፣ ሥራውን ተወ፣ ከተማ ቀየረ። በአዲሱ ከተማ ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው የዛሬዋን ባለቤቱን ያገኛት። በ2006 ሽማግሌ ልኮ አገባት። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተጋቢዎች ተመርምረው ወረቀት እንዲያመጡ ይጠይቃሉ፤ እነሱ ግን ሠርጉን በቤተሰብ ፊት አድርገው ቁርባኑን «ሲመቸን» ብለው አቆዩት። ለምን እንደማይመች እሱ ብቻ ያውቅ ነበር። እሷም ወረቀት አልጠየቀችውም። «ጾሙን፣ ስግደቱን እያየሁ ምን ብዬ ወረቀት እጠይቀዋለሁ?» አለችኝ።

ነገሩን ባወቀችበት በመጀመሪያው ሳምንት እኔ ጋ መጥታ ስታለቅስ፣ ያለቀሰችው ስለ አልጫው ነበር። ጨጓራ አለብኝ ስላላት ለአሥራ አንድ ዓመት በርበሬ ከቤቷ አውጥታ ነበር። ሽሮዋ ነጭ፣ ምስሯ አልጫ። ለበዓል ሁለት ድስት ትጥዳለች፤ ለእንግዳው ቀይ፣ ለእሱ አልጫ። ልጆቿም በርበሬ ሳይለምዱ አደጉ። ከቤተሰቧ ቤት የምትወደውን ቀይ ወጥ ቀምሳ ስትመለስ እንኳ እሱን የከዳች ይመስላት ነበር። «ሲስተር፣ በሽታውን እሸከመው ነበር» አለችኝ፤ «ጨጓራውን ግን እንዴት አድርጌ ልሸከመው?» ብዙ ሰው ምስጢር ሲባል አንድ ያልተነገረ ነገር ይመስለዋል። እኔ በዚህ ሥራ ያየሁት ምስጢር በየቀኑ ቀለብ የሚጠይቅ ነገር ነው፤ ያቺን አንዲት ነገር ላለመናገር ሰውየው በሌላ በሺህ ነገር ይዋሻል፣ እሷም በማታውቀው ነገር ምክንያት ኑሮዋን ታስተካክላለች።

ከአልጫው የከበደው ግን ስለቱ ነው። ዶሉቴግራቪር ያለበት አዲሱ ክኒን ከመምጣቱ በፊት አብዛኛው ሰው ይወስድ የነበረው ኤፋቪሬንዝ ያለበትን ነበር፤ እሱ ደግሞ በመኝታ ሰዓት የሚዋጥ፣ ብዙዎችን ክፉ ሕልም የሚያሳይ መድኃኒት ነው። ባልየው ሌሊት ይጮህ ነበር። እሷ ተነሥታ ታማትብበታለች፣ ከራስጌ በሃይላንድ ያስቀመጠችውን ጠበል ትረጨዋለች፣ መዝሙረ ዳዊት ትራስ ሥር ታደርግለታለች። መንፈስ ነው ብላ በእግሯ ገዳም ድረስ ይዛው ሄዳለች። በመጨረሻም ለእመቤታችን ተሳለች፤ ይህ ቅዠት ከተወው ጃንጥላ አገባለሁ ብላ። መድኃኒቱ በአዲሱ ሲተካለት ቅዠቱ ጠፋ። እሷ ግን የምታውቀው ስለቷ መስመሩን ነው፤ በንግሡ ዕለት በእልልታ ጃንጥላውን አስገባች። እሱ አጠገቧ ቆሞ ነበር። ያን ቀን ሊነግራት አፉን ከፍቶ እንደነበር ነግሮኛል። እልልታው በዛና ዘጋው።

«ታዲያ ስለቴስ?» አለችኝ። «ያ ሁሉ እልልታ ለምን ነበር?» መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና፣ «አንቺም ታውቂ ነበር?» አለችኝ።

አውቅ ነበር። ፋይሉ ላይ «ባለቤቱ ተመርምራለች፣ ነጻ ናት» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በሁለቱም እርግዝናዋ ተመርምራ ነጻ መሆኗን እሱ ነግሮኝ ነበር። ሕጋችን የታካሚን ምስጢር እንድጠብቅ ያዘኛል፤ ይህን አስረዳኋት፤ ትክክልም ነው፤ እኛ አፋችን ቢላላ የሚታከም ሰው አይኖርም። ግን ያልነገርኳት አንድ ነገር ነበር፣ እሱንም በሁለተኛው ቀን ጠርቼ ነገርኳት። መጀመሪያ ሁለት ዓመት በመጣ ቁጥር «ነገርካት?» እለው ነበር። «ከፋሲካ በኋላ» ይለኛል፣ «ልጅቷ ትምህርት ስትጀምር» ይለኛል። ከዚያ ሰለቸኝና መጠየቅ ተውኩ። የቫይረስ መጠኑ አይታይም፣ ቀጠሮ አያዛንፍም፣ ክኒን አያጎድልም፤ ከሁሉ የተሻለ ታካሚዬ ነበር። መጠየቅ የተውኩት ሕጉ ስላሠረኝ አይደለም፤ መጠየቅ ሥራዬ ነበር። ይቅር በይኝ አልኳት። እሷም «እሺ» አላለችኝም፤ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ሰው ይቅርታ ጠይቆ መልስ ሳያገኝ ሲቀር ምን እንደሚመስል ያን ቀን ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ቀመስኩት።

እሱ ሲመጣ በመጀመሪያ የያዘው ክርክር «ምንም አላደረስኩባትም እኮ» የሚል ነበር። እውነት ነው፣ አልደረሰባትም። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና ቫይረሱ በደሙ ውስጥ የማይታይ ሰው በግንኙነት እንደማያስተላልፍ ዛሬ እኛም በድፍረት እናስተምራለን። ይህን ካጸኑት ጥናቶች አንዱ፣ ፓርትነር የሚባለው፣ በአውሮፓ አንዱ ቫይረሱ ያለበት ሌላው የሌለበት 900 የሚጠጉ ጥንዶችን ተከታትሎ ከአጋር ወደ አጋር የተላለፈ አንድም አላገኘም። ውጤቱ የወጣው ግን በ2016 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ 2008 መጨረሻ። እሱ ያገባው በ2006፣ የመጀመሪያ ልጁ የተፀነሰችው በ2007። በዚያን ጊዜ እኛ ራሳችን «ያለ ኮንዶም እንዳትሞክሩት» እያልን ነበር የምናስተምረው። ይህን ቀን በቀን ቆጥሬ አሳየሁት። «ስታገባት ይህን የነገረህ ሰው ነበር?» አልኩት። አልነበረም። እሷ በሰላም የወጣችው በእሱ ጥንቃቄ ብቻ አይደለም፤ በማታውቀው ዕጣ ውስጥ ገብታ ስለዳነች ነው። ያን ዕጣ እኔም ልግባበት ወይስ አልግባ የማለት መብቷን ነው የወሰደባት። «ምንም አላደረስኩባትም» የሚለውን ቃል ከዚያ ቀን በኋላ ከአፉ አልሰማሁትም።

እምነቱ ከልብ ነው፤ ይህን ስል በሙሉ አፌ ነው። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት ስንቱ ሰው ጠበል ጀምሬያለሁ ብሎ መድኃኒቱን ጥሎ እንደጠፋብን አልረሳውም፤ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ሁለቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው በይፋ ሲናገሩ ክፍላችን ውስጥ ያለቀስን ነበርን። እሱም ክኒኑን የሚውጠው በጠበል ነው። ለንስሐ አባቱ ደግሞ ገና በተጋቡ በዓመቱ ተናዟል። አባ ቀኖና ሰጡት፣ ስግደት ነው፤ ከስግደቱ ጋር ግን «ለሚስትህ ንገራት» አሉት። በየዓመቱ በፍልሰታ ይጠይቁታል። ያለኝን እንዳለ ልጻፈው፤ «መንገሩን ስፈራ ስግደቱን ጨመርኩ።» አርባ የታዘዘውን መቶ አደረሰው። ጉልበቱ ላይ ያለውን ጠባሳ ያየሁት መርፌ ስወጋው ነበር፤ ያኔ ምን እንደሆነ ሳልጠይቀው «እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው» ብዬ አልፌ ነበር።

ወደ እግዚአብሔር የሄደው እውነት ሚስቱ ጋ ሳይደርስ ቀረ። ስግደቱ ከንቱ ነው አልልም፤ ያ የእኔ ፍርድ አይደለም። ግን ለሚስት የሚገባውን ቃል የሚተካ ስግደት እኔ አላየሁም፤ አባም እንደዚያ አላሉትም።

ሌላ ማንም የማያስበው ነገር ተከተለ። ነገሩን ባወቀችበት ቀን ምስጢሩ የእሷ ሆነ። ለእናቷ ብትናገር የሚሆነውን የመጀመሪያዋ እጮኛ ታሪክ ያሳያል። ለእህቷ ብትናገር ልጆቿ በትምህርት ቤት ምን እንደሚባሉ ታውቃለች። ስለዚህ መኝታ ለየች፣ ምግቡን አቅርባለት ከልጆቿ ጋር ሌላ ጥግ መብላት ጀመረች፣ ምክንያቱን ግን ለማንም አልተናገረችም። ቤተ ዘመድ ሽማግሌ ይዞ መጣ። «ምን አደረገሽ? ጠጣ? መታሽ? ሌላ ያዘ?» አሏት። «ምንም» አለች። እንግዲያው በምንም ነው እንዲህ ያለውን ደግ ሰው የምታንገበግቢው ብለው ወቀሷት፤ እሱ እዚያው ተቀምጦ እያለ። በሽምግልናው መሐል ተነሥቶ፣ «እኔ ነኝ የበደልኳት፣ ከዚህ በላይ አትጠይቋት» አለ። ባለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ለእሷ ብሎ ካደረገው ሁሉ እኔ የምመዘግብለት ይሄን ነው።

ሽማግሌዎቻችንን አከብራለሁ፤ ስንት ትዳር በእነሱ ጉልበት ቆሟል። ግን «ይቅር በይው፣ ተሳሳሙ፣ ጨረስን» የሚለውን ችኮላ እፈራዋለሁ። በእኛ ዘንድ የበደለው ሰው «ይቅርታ» ካለበት ደቂቃ ጀምሮ ጥፋቱ ወደ ተበዳይዋ ይዞራል፤ ካልመለሰች ልበ ደንዳና ትባላለች፣ ክርስቲያንነቷ ይጠየቃል። እኔ ጋ የመጡ ሴቶች፣ ወንዶችም፣ በሽማግሌ ፊት ጉልበት ስመው በዓመቱ የተፋቱ አሉ። የበደሉ ልክ ሳይታወቅ፣ እሱም ሙሉውን ሳይናገር፣ እሷም ጠይቃ ሳትጨርስ የተሰጠ ይቅርታ ስለነበር ነው።

ይህቺ ግን ጠየቀች። ሁለት ወር ሙሉ ጠየቀችው፤ አንዳንዴ እኔ ፊት። ያን ዕለት የት ነበርክ? ልጅ ስወልድ ለምን ሐኪም ቤት አልገባህም? ጃንጥላውን ስናስገባ ምን አሰብክ? አንዱንም አልዘለለባትም። ጠበቃም አነጋግራለች፤ ለፍቺ ብታመለክት ፍርድ ቤቱ ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥ እንደሚችል ነገሯት። እኔም የመጀመሪያው ምርመራዋ ነጻ ሲሆን በሦስት ወር እንደግመዋለን አልኳት። «ሁሉም ሰው ሦስት ወር ነው የሚለኝ» ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

በመሐል ብቻዋን ወደ አባ ሄዳ የስለቷን ነገር ጠይቃቸዋለች። «ልጄ፣ አንቺ የለመንሽው ባልሽ እንዲያርፍ ነው፤ አርፏል። ውሸቱ የእሱ ዕዳ ነው፣ ስለቱ የአንቺ ነው፤ አንዱን ከአንዱ አትቀላቅዪው» አሏት። እኔ በሃያ ዓመት ሥልጠና ያላገኘሁት መልስ ነው።

ታኅሣሥ ላይ፣ በነቢያት ጾም፣ ሁለቱም አብረው መጡ። ደሟን ወሰድኩ፣ ጠበቅን፣ ነጻ ነበር። እሱ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እሷ ረጋ ብላ፣ «ትናንት ምስር ሠራሁ ሲስተር» አለችኝ። «በበርበሬ። እናቴ የደለዘችው በርበሬ ነው። አቀረብኩለትና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ‹ያቃጥላል› አለኝ። ‹ብላ› አልኩት። እኔም ከዚያው ጎረስኩ።»

«ይቅር አልሽው ማለት ነው?» አልኳት።

«ገና ነኝ» አለች።

መድኃኒቱን ቆጥሬ አስረከብኩት። እንደ ልማዴ ጥጥ ላቀብለው መሳቢያውን ስስብ፣ «አያስፈልግም» አለችና ብልቃጡን ከእጁ ወስዳ፣ ጽሑፉን ሳትልጥ፣ በራሷ ቦርሳ ከተተችው። ኮሪደሩን ጨርሰው ደረጃውን እስኪወርዱ ድረስ ክኒኑ ሲንኳኳ ይሰማኝ ነበር።