የተበታተነውን ብርሃን መልሶ መሰብሰብ



«ፋይበር ተቆረጠ» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ኬብሉ ሳይቆረጥም ግን መልእክቱ ሊበላሽ ይችላል። አንዱ ምክንያት የብርሃን መበታተን ነው።

መረጃ በፋይበር ውስጥ የሚጓዘው በብርሃን ምት ነው። በቀላሉ ስናየው ብርሃን ካለ «1»፣ ከሌለ «0» ነው። አንድ ምት ግን የብዙ ተቀራራቢ የሞገድ ርዝመቶች ስብስብ ነው፤ መስታወት ደግሞ ሁሉንም በእኩል ፍጥነት አያስኬድም። ከነቀምቴ መናኸሪያ መኪኖች በየአሥር ደቂቃው በቡድን በቡድን ይነሱ እንበል። ባኮ ላይ ቡድኖቹ ገና ይለያሉ። አምቦ ሲደርሱ ግን የኋለኛው ቡድን ፈጣኖች ከፊተኛው ቡድን ዘገምተኞች ጋር ይደባለቃሉ። ያኔ «1» የቱ፣ «0» የቱ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል።

እስኪ እናስላው። በተለመደው ፋይበር፣ በ1550 ናኖሜትር አካባቢ፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትርና ለእያንዳንዱ ናኖሜትር ስፋት መበታተኑ ወደ 17 ፒኮሰከንድ ነው። ከነቀምቴ አዲስ አበባ በመንገድ ወደ 330 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 5610 ይመጣል። በሰከንድ 10 ጊጋቢት የሚልክ ምልክት ስፋቱ ወደ 0.1 ናኖሜትር ነው፤ ስለዚህ ወደ 560 ፒኮሰከንድ ይዘረጋል። የአንድ ቢት ድርሻ ግን 100 ብቻ ነው! ፍጥነቱን 4 እጥፍ ስናደርግ ደግሞ ቢቱ በ4 ያጥራል፣ ስፋቱም በ4 ይጨምራል፤ ችግሩ 16 እጥፍ ይሆናል።

ማጉያ መሣሪያ እዚህ አይረዳም፤ የደከመን ብርሃን ያበረታል እንጂ የተበታተነን አይሰበስብም። ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው?

አንደኛው ማካካሻ ፋይበር ነው። በዋናው መስመር የቀደመውን ያዘገያል፣ የዘገየውን ያስቀድማል። መበታተኑ በኪሎ ሜትር 100 በተቃራኒው ከሆነ፣ ለ80 ኪሎ ሜትር መስመር ወደ 14 ኪሎ ሜትር ይበቃል፤ ተጠቅልሎ ጣቢያው ውስጥ ይቀመጣል። ነገር ግን ብርሃኑን ስለሚያደክም ተጨማሪ ማጉያ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ስሌት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ገደማ ጀምሮ የተስፋፉት የ100 ጊጋቢት ተቀባዮች የብርሃኑን ጉልበት ብቻ ሳይሆን የሞገዱን ፌዝም ይለካሉ። መበታተን መረጃውን ስለሚያዛባው እንጂ ስለማያጠፋው፣ ቺፑ በሒሳብ ወደ ኋላ ይመልሰዋል።

ጥቅሙ ለእንደኛ ዓይነቱ ሩቅ አካባቢ ግልጽ ነው፦ መሬት ውስጥ ያለው ኬብል ሳይቆፈር፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ያለውን መሣሪያ በመቀየር ብቻ ብዙ እጥፍ መረጃ ማሳለፍ ይቻላል።

የኤሌክትሪካል ተማሪዎች፣ አንድ የቤት ሥራ እንተውላችሁ። ከነቀምቴ ጊምቢ ወደ 110 ኪሎ ሜትር ነው። ከላይ ባለው ማካካሻ ፋይበር ስንት ኪሎ ሜትር ያስፈልጋል? 18.7 ካገኛችሁ ነገሩ ገብቷችኋል፤ ለመመረቂያ ፕሮጀክትም ጥሩ መነሻ ይሆናችኋል ኢንሻ አላህ።