ተረትና እውነታ፦ «ወዳቂ ጥርስ ነው» የሚለው ቃል ያደረሰው ጉዳት

በእንፍራንዝ ከተማና በዙሪያዋ፣ ከጉዛራ ቤተ መንግሥት ኮረብታ ሥር ጀምሮ እስከ ጣና ባሕር አቅራቢያ ባሉት መንደሮች፣ ስለ ሕፃናት ጥርስ ከሚነገረው ብዙ ነገር ውስጥ የሌሎቹ ሁሉ አባት የሆነው «የወተት ጥርስ ወዳቂ ነው» የሚለው አባባል ነው። ከዚህ አባባል ሁለት ጥፋቶች ይወለዳሉ፤ አንደኛው፣ የሕፃኑ ጥርስ እየጠቆረና እየተቦረቦረ ሲሄድ በቸልታ መመልከት ሲሆን፣ ሁለተኛውና የከፋው ደግሞ፣ ገና ከድዱ ያልወጣውን የክራንቻ ጥርስ «ግግ ነው፤ ተቅማጡን ያመጣው እርሱ ነው» ብሎ በብረት ቆፍሮ ማውጣት ነው።

አባባሉ ፈጽሞ ሐሰት ነው ለማለት አይቻልም። 20ዎቹ የወተት ጥርሶች ከ6 ዓመት ዕድሜ ገደማ ጀምሮ በየተራ እንደሚወልቁ ማንም ያውቃል። ነገር ግን ተናጋሪዎቹ ስለ ጥርሱ ፍጻሜ ሲያትቱ ጥርሱ በአፍ ውስጥ ስለሚቆይበት ዘመን አንዲት ቃል አይተነፍሱም፤ የላይኛው የወተት ክራንቻ በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ወጥቶ እስከ 11 ወይም 12 ዓመት የሚያገለግል በመሆኑ፣ ልጁ አካሉ በሚገነባበት፣ አንደበቱ በሚፈታበትና ፊደል በሚቆጥርበት ዘመን ሁሉ አብሮት ይኖራል፤ ከሥሩ ለሚመጣው ቋሚ ጥርስም ቦታ ጠብቆ ያቆያል። ዐሥር ዓመት የሚያገለግለውን አሽከር «አንድ ቀን መሄዱ አይቀርም» ብሎ ቀለብ የሚከለክል ጌታ ሞኝ እንጂ ቆጣቢ አይባልም።

የሕፃን ጥርስ ሕመም በሕፃኑ ኑሮ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በግምት ከመናገር ይልቅ በመስፈሪያ ለመስፈር ያሰቡ 3 ተመራማሪዎች፣ በአሜሪካ አገር በሰሜን ካሮላይና፣ እ.ኤ.አ. በ2007 13 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ለሊቃውንት አቅርበዋል። መጠይቁ ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። የሚጠየቀው ሕፃኑ ሳይሆን ወላጁ ነው፤ 9ኙ ጥያቄዎች ስለ ልጁ ናቸው፦ ጥርሱን ወይም አፉን ያመዋል? ትኩስ ወይም ቀዝቃዛ ነገር መጠጣት፣ ምግብ ማኘክ፣ ቃል አጥርቶ መናገር ይቸግረዋል? ከትምህርት ይቀራል? እንቅልፍ ይነሣዋል? ይነጫነጫል? ከመሣቅ፣ ከመናገርስ ይቆጠባል? የቀሩት 4 ደግሞ ስለ ቤተ ሰቡ ናቸው፤ ወላጁ አዝኖ፣ ራሱን ወቅሶ፣ ከሥራ ቀርቶ፣ ገንዘብ አውጥቶ እንደ ሆነ ይመረምራሉ። እያንዳንዱ መልስ «ከቶ አያውቅም» ከሚለው ዜሮ «እጅግ ብዙ ጊዜ» እስከሚለው 4 ነጥብ ስለሚያሰጥ፣ የመከራው ጣሪያ 52 ነው።

አንድ አንባቢ «ይህን ለማወቅ መጠይቅ ለምን አስፈለገ? የትኛዋ እናት ናት ልጇ ሲያለቅስ ያደረባትን ሌሊት የማታስታውስ?» ሊል ይችላል። አባባሉ እውነት ነው፤ ግን እናት የምታስታውሰው ሌሊት በጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ አይጻፍም፤ የተቆጠረው ጥርስ ብቻ ይጻፋል። የቆሎ ፍሬ በአንድ በኩል ብቻ የሚያኝክ ልጅ፣ እንጀራውን ሳይጨርስ የሚነሣ ልጅ፣ አባቱ የእርሻ ቀኑን ትቶና የመኪና ከፍሎ ወደ ጎንደር የሚወስደው ልጅ፣ እነዚህ ሁሉ በነጥብ ሲሰፈሩ፣ «ወዳቂ ነው» የተባለው ጥርስ የአንድ ቤት እንቅልፍና ገቢ እንደሚያናጋ በግልጽ ይታያል። መስፈሪያው ግን እንከን የለበትም አልልም። የሚመሰክረው ሌላ ሰው ስለ ሆነ፣ ሌሊቱን ሙሉ በእንቅልፍ ያሳለፈ አባት ስለ ልጁ እንቅልፍ ሲጠየቅ «ከቶ አያውቅም» ቢል ማን ይከለክለዋል? ስለዚህም ዝቅተኛ ነጥብ ሁልጊዜ የጤና ምስክር ነው ብሎ ማመን ያጠራጥራል።

ነገሩ የሩቅ አገር ጭንቀት እንዳይመስል፣ በጎንደር ከተማ ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 14 ዓመት በሆነ ልጆች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ከሦስት ልጆች ከአንድ የሚበልጡት የተቦረቦረ ጥርስ እንዳላቸው ማግኘቱን መጥቀስ ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መግለጫ ያልታከመ የወተት ጥርስ መቦርቦር ያለባቸውን ልጆች 514 ሚሊዮን ገደማ አድርሷቸዋል።

አሁን ወደ ግግ ልመለስ። ሕፃን 6 ወር ሲሞላው ከእናቱ ጡት ሌላ ምግብ ይጀምራል፣ መዳህ ይጀምራል፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል፤ ከእናቱ የወረሰው የበሽታ መከላከያ ኃይልም በዚያው ዘመን ይደክማል። ተቅማጥና ትኩሳት የሚበዛበት ጊዜ ይህ ነው፤ የድዱ ጎን አብጦና ነጣ ብሎ የሚታየውም በዚሁ ጊዜ ነው። ስለዚህ አያት ሁለቱን አይታ አንዱ የሌላው መንሥኤ ነው ብትል ከዐይኗ ምስክርነት የተነሣች እንጂ ቂል አይደለችም። ጥርስ ማውጣት ራሱም ለሃጭ እንደሚያበዛና ጥቂት እንደሚያነጫንጭ የታመነ ነው፤ ተቅማጥና ብርቱ ትኩሳት ግን አያመጣም።

ወጌሻው ድዱን በሚስማር፣ በምላጭ ወይም በብስክሌት ሽቦ ቀዶ የሚያወጣው ለስላሳ ነጭ ነገር ትል ይመስላል፤ እናቲቱም «ይኸው ትሉ!» ሲላት ታምናለች። ያ ትል የሚመስለው ገና ያልጠነከረ የጥርስ እንቡጥ ነው። አብዛኛው ተቅማጥ በጥቂት ቀን በራሱ ስለሚቆም ልጁ የዳነ እንደ ሆነ ምስጋናው ለወጌሻው ይሰጣል፤ የሞተ እንደ ሆነ ግን የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ይባላል። እንዲህ ያለ ሒሳብ የሚያጎድለው ለአንድ ወገን ብቻ ነው! ደሙ አልቆም ብሎት፣ ቁስሉ መርዞበት ወይም መንጋጋ ቆልፍ ይዞት የሚጠፋ ሕፃን አለ፤ የተረፈውም ከሥር ያለው ቋሚ ጥርስ ተጎድቶ፣ ተጣሞ ወይም ጭራሽ ሳይወጣ ሊቀርበት ይችላል። በእስራኤል አገር በቤተ እስራኤል ልጆች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ጥናት ብዙዎቹ የወተት ክራንቻቸውን በዚህ ልማድ እንዳጡ አሳይቷል። በዩጋንዳም «ኢቢኖ» በሚል ስም ይህንኑ ያደርጋሉ።

ትዕግሥቴን የሚያሳጣኝ ፊደል ያልቆጠረችው አያት አይደለችም። ዲፕሎማ ይዞ፣ ቢሮ ተቀምጦ፣ «እኛም ተነቅለን አድገናል» የሚለው ሰው ነው። ያደገው ይመሰክራል፤ ያላደገው ምን ብሎ ይመስክር? «የአባቶች ሥርዓት ነው» የሚሉትም ታሪክ ቢመረምሩ፣ ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ደዌ ባገኛቸው ጊዜ መልእክተኛቸው ከካይሮ ሐኪም ይዞ እንደ መጣ፣ ያም ቻርልስ ፖንሴ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1699 ጎንደር እንደ ገባ፣ እንፍራንዝንም እንዳየ ያገኛሉ። ንጉሥ ከባሕር ማዶ ሐኪም ካስመጣ፣ በቅርብ ያለ ጤና ጣቢያ መሄድ ለገበሬ ነውር የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

የቀሩትን ባጭሩ ልለፍ። «ጥርስን የሚበላው ትል ነው» ይባላል፤ የሚበላው ዐይን የማያየው ተህዋስ ከስኳር የሚያዘጋጀው አሲድ ነው። ትሉን ለማስወጣት የአስተናግር ፍሬ ማጠን ደግሞ ሕፃኑን መመረዝ ነው። «ስኳር የበዛበት ሻይ ልጅን ያጠነክራል» የሚለው ሐሰት ነው፤ በተለይ ጡጦ ውስጥ ተደርጎ ሌሊት ሲጠባ። «የሕፃን ጥርስ አይፋቅም» የሚለውም እንዲሁ፤ የመጀመሪያው ጥርስ ከወጣበት ቀን ጀምሮ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ፍሎራይድ ባለበት የጥርስ ሳሙና፣ ከ3 ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ በምታህል መጠን ይጸዳል። የወለቀውን ጥርስ ጣሪያ ላይ መወርወር ግን ማንንም አይጎዳም፤ ልጆቹ ይወርውሩ።

እንግዲህ ሕፃን ያላችሁ የእንፍራንዝና የአካባቢዋ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን ተቅማጥ ሲይዘው ወደ ወጌሻ ሳይሆን ወደ ጤና ኬላ ውሰዱት፤ ጡት ሳይቋረጥበት ኦ.አር.ኤስ. የሚባለው ዱቄት በንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ ይሰጠው፤ የዚንኩን እንክብልም ተቅማጡ ቢቆም እንኳ እስከ 10 ቀን ጨርሱለት። ዛሬውኑም የላይኛውን ከንፈሩን ከፍ አድርጋችሁ የፊት ጥርሶቹን ተመልከቱ፤ በድዱ አጠገብ እንደ ኖራ የነጣ መስመር ካያችሁ የመቦርቦሩ መጀመሪያ ነውና፣ ቡናማ ሳይሆን ለባለሙያ አሳዩት።